ስለ እርሻ መዝገብ አያያዝና አር ስለሚባለው የስሌት ቋንቋ አጀማመር

የእርሻ ሥራ በመሬት፣ በሰው ጉልበትና በዕውቀት የሚጸና መሆኑ የታወቀ ነው። ከዕውቀትም ወገን አንዱና ዋናው የተገኘውን ምርት ለክቶ፣ ጽፎ፣ ደምሮና አነጻጽሮ ለሚመጣው ዓመት ምክር ማውጣት ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለእርሻ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ነገር ግን የተጻፈም ቢሆን በደንብ ካልተጻፈ፣ ወይም የተጻፈው እንዴት እንደ ተደመረ ካልታወቀ፣ የሚወረሰው ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ይህ ትምህርት ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስረዳል። አንደኛው የምርት መዝገብ እንዴት ሊያዝ እንደሚገባ ነው፤ ሁለተኛውም በመዝገብ የተያዘውን ቁጥር ለመመርመር የተሠራውን፣ አር የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ እንዴት እንደሚጀምሩት ነው። ይህም አስተዳዳሪው፣ ባለ መሬቱና የወረዳው ሹም እያንዳንዳቸው ሒሳብ ሠሪ ይሁኑ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ቁጥር ሲቀርብለት «ይህ ከየት መጣ? ማን ለካው? ያልተለካውስ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም የሥራውን መንገድ ማወቅ ይገባዋል።

ክፍል 1፤ ሲሪንቃ ስለ ምን ለምሳሌ ተወሰደች

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በመርሳና በወልድያ መካከል የምትገኝ ስፍራ ናት። ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ነው። በዚህችም ስፍራ በአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚተዳደር የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ የማሽላን፣ የጤፍንና የጥራጥሬን ዘር ይመረምራል፤ ሙከራውንም በሲሪንቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ቆቦና እንደ ጨፋ ባሉ ስፍራዎችም ያደርጋል። ምክንያቱም በአንዱ ስፍራ የሠመረ ዘር በሌላው ስፍራ ሊደክም ስለሚችል ነው። ከማዕከሉ ከወጡት የማሽላ ዘሮች አንዱ ግራና 1 ይባላል፤ ግራናም በዚያው በሀብሩ ወረዳ ያለ ስፍራ ስም ነው።

የዚህን አገር ማሽላ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ስለሚመጥበት ገበሬው አረሙን ገና በምድር ላይ ሳያየው አዝመራው ተጎድቶ ይቆያል። አረሙን የሚቋቋሙ እንደ ጎብዬ፣ እንደ አብሽርና እንደ ብርሃን ያሉ የማሽላ ዘሮች ለገበሬ ተሰጥተዋል። ትውልዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል።

እንዲህ ያለ ዘር በዓይን ግምት ብቻ አይመረጥም። በእያንዳንዱ የሙከራ መደብ የተዘራበት ቀን፣ ያበበበት ቀን፣ የበቀለው አቀንጭራ ብዛትና የተሰበሰበው እህል ክብደት ይጻፋል። ዘሩ ብዙ፣ ስፍራው ልዩ ልዩ፣ ዓመቱም ተከታታይ በሆነ ጊዜ ቁጥሩ በብዙ ሺሕ ይደርሳል። በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ነገሩ ይኸው ነው፤ ከየቀበሌው የሚመጣው የማሳ ስፋት፣ የዘርና የማዳበሪያ ልክ፣ የምርትም ግምት በእጅ ተደምሮ የሚያልቅ አይደለም።

ለወሎ ሕዝብ የቁጥር ነገር የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ስንት ነፍስ እንደ ጠፋ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከአንድ ቀበሌ ስለ ምርት የሚመጣው ወሬ ቢዘገይ፣ ቢጠፋ ወይም በስሕተት ቢደመር ጉዳቱ የሚደርሰው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው።

ክፍል 2፤ አር ምን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ያዘዘው ሰው ያሰበውን አያውቅም። ትእዛዙ የሚጻፍበት ሥርዐት የፕሮግራም ቋንቋ ይባላል። ከእነዚህም ቋንቋዎች አንዳንዶቹ ለማናቸውም ሥራ የተሰናዱ ናቸው፤ አር ግን በተለይ በሰሌዳ የተጻፈውን ቁጥርና ስም ለማንበብ፣ ለመመደብ፣ ለማነጻጸርና በሥዕል ለማሳየት የተሠራ ነው።

አስቀድሞ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ኤስ የሚባለውን ቋንቋ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ መምህራን የኤስን አርአያ ተከትለው አርን ሠሩ። አር የተባለበትም ምክንያት የሁለቱ መምህራን ስም በዚህ ፊደል ስለሚጀምርና በላቲን ፊደል ተራ የኤስ ጎረቤት ስለሆነ ነው። በ1995 ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲወስደው፣ እንዲሠራበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ 1.0.0 የተባለው እትምም በየካቲት ወር መጨረሻ በ2000 ዓ.ም. ታወጀ።

ይህ የስሌት ጥበብ ከእርሻ ጋራ ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1843 ዓ.ም. በተመሠረተው በሮታምስቴድ የእርሻ መመርመሪያ ለብዙ ዓመታት የተከማቸ የምርት መዝገብ ነበረ። ሮናልድ ፊሸር በ1919 ዓ.ም. ወደዚያ ገብተው ያን መዝገብ በሚመረምሩበት ጊዜ የልዩነት ትንተና የሚባለውን ዘዴ አወጡ፤ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍም ለዓለም አስተማሩት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለ የዘር መርማሪ የሚሠራበት ይህንኑ ዘዴ ነው። ቀድሞ በምርምር ማዕከሎች የተለመዱት ሳስና ጄንስታት የሚባሉት መሣሪያዎችም የተወለዱት ከእርሻ ነው፤ ሳስ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የእርሻን ቁጥር ለመተንተን ተጀመረ፤ ጄንስታትም በዚያው በሮታምስቴድ ተሠራ። ነገር ግን የሁለቱ ሙሉ ፈቃድ በገንዘብ የሚገዛ ነው። አር ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀት ሳይጠብቅ ሊጀምረው ይችላል።

ክፍል 3፤ ከመሣሪያው በፊት መዝገቡ ሊሰናዳ ስለሚገባው

ብዙ ሰው መሣሪያውን ተምሮ መዝገቡን ይረሳል። የተበላሸ መዝገብ ግን በመልካም መሣሪያ ቢሠራ ስሕተቱን በፍጥነት ከማውጣት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ሥርዐቶች ይጠበቁ።

አንደኛ፤ በአንድ ረድፍ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። ይኸውም ለሙከራ ሲሆን አንድ መደብ፣ ለወረዳ ሲሆን የአንድ ቀበሌ የአንድ ዓመት የአንድ ሰብል ምርት ማለት ነው። ዐምዱም አንድ ዐይነት ነገር ብቻ ይያዝ። በሰሌዳው መካከል «ጠቅላላ ድምር» የሚል ረድፍ አይግባ፤ መኪናው ድምሩን እንደ አንድ ቀበሌ ቆጥሮ እንደ ገና ይደምረዋልና።

ሁለተኛ፤ ስም ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ይጻፍ። በፊደላችን አንድ ድምፅ ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደሎች አሉ፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ ሆኑት ማለት ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሀብሩ»፣ ሌላው «ሐብሩ» ቢጽፍ አንባቢ ሁለቱን አንድ ወረዳ ይላቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ወረዳ ያደርጋቸዋል። «ሲሪንቃ»፣ «ስሪንቃ» እና «ሲሪንካ» ተብሎ ቢጻፍም እንዲሁ ሦስት ስፍራ ይሆናል። መድኀኒቱ የቀበሌዎችን ስም ዝርዝር አንድ ጊዜ አጽድቆ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር መስጠት፣ ጸሐፊዎችም ሁሉ ከዚያ ዝርዝር እንዲገለብጡ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፤ መለኪያው በዐምዱ ራስጌ እንጂ ከቁጥሩ ጋራ አይጻፍ። በቁጥር ዐምድ ውስጥ በአንድ ስፍራ «25 ኩንታል» ተብሎ ቢጻፍ አር ዐምዱን በሙሉ እንደ ቃል ያነበዋልና መደመር አይቻልም። ኪሎና ኩንታል፣ ጥማድና ሄክታር በአንድ ዐምድ አይደባለቁ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ፣ አንድ ሄክታርም 10000 ካሬ ሜትር መሆኑ የተወሰነ ነው፤ ጥማድ ግን እንደ አገሩና እንደ በሬው ስለሚለያይ በሜትር ካልተለካ ለማነጻጸር አይበቃም።

አራተኛ፤ ቀን ሲጻፍ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በሦስት ልዩ ዐምድ በቁጥር ይጻፍ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም በራስጌው ይገለጽ። አር በራሱ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን በሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ብለው ቢሰጡት የካቲት 30 ቀን የለውም ብሎ አይቀበለውም፤ ጳጉሜንን 13ኛ ወር ብለው ቢሰጡትም እንዲሁ ይተወዋል። ከዚህም የሚከፋው ዝም ብሎ የሚቀበለው ቀን ነው። ለምሳሌ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተዘርቶ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበበ ማሽላ በ84 ቀን አብቧል፤ እነዚህን ቀኖች እንደ አውሮፓ ወሮች የሚያነብ መኪና ግን 80 ቀን ይላል። ዝናብ ቶሎ በሚያልፍበት አገር ቶሎ የሚደርስ ዘር ለመምረጥ ለሚደክም ሰው አራት ቀን ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቀኑ በትክክለኛ መለወጫ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ተለውጦ ይቆጠር።

አምስተኛ፤ ያልተለካው ነገር ባዶ ወይም በአር ሥርዐት «ኤን ኤ» በተባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ይመልከት እንጂ 0 አይጻፍበት። ይህ ሥርዐት ከሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ በክፍል 5 በምሳሌ ይገለጣል።

ሰሌዳው ተሰናድቶ ባለቀ ጊዜ ሲ ኤስ ቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። በዚህ ፋይል ዐምድ ከዐምድ የሚለየው በላቲኑ ኮማ ነው፤ የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» መለያ አይሆንም። የጽሑፉም ዐይነት ዩ ቲ ኤፍ 8 የሚባለው ይሁን፤ ፊደላችን ሳይበላሽ የሚነበበው በእርሱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የወጣው 4.2.0 የተባለው የአር እትምና ከእርሱ በኋላ የመጡት በዊንዶውስ ላይ ይህን የጽሑፍ ዐይነት እንደ ራሳቸው አድርገው ይሠሩበታል፤ ስለዚህ አሮጌ እትም ያለው ጽሕፈት ቤት ያድሰው።

ክፍል 4፤ ስለ ቋንቋው አጀማመር

አር ክራን ከሚባለው የዓለም የአር ማከማቻ በኢንተርኔት ይወሰዳል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መብራትና መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የትእዛዞቹ ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ በዚህ ትምህርት ንባቡ ብቻ በፊደላችን ተጽፏል፤ ተማሪው አጻጻፉን በጽሕፈት ቤቱ ካለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ይቀበል። በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳለ፣ አርም ሁለቱን እንደ ልዩ ነገር እንደሚቆጥራቸው አይዘነጋ፤ ጀማሪዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

መሣሪያው በተከፈተ ጊዜ የእትሙን ስም ተናግሮ «>» የሚል ምልክት ያሳያል፤ ትርጓሜውም «ትእዛዝ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። 2 + 3 ብለው ጽፈው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ቢጫኑ 5 ብሎ ይመልሳል። በስፍራው «+» የሚል ምልክት ያሳየ እንደ ሆነ ግን ትእዛዙ አልተፈጸመም፣ ምናልባትም የተከፈተ ቅንፍ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ቅንፉን መዝጋት ወይም ትእዛዙን መተው ይገባል። አንድን ነገር ስም ለመስጠት «<-» የሚል ቀስት ይደረጋል፤ በስተግራው ስሙ፣ በስተቀኙም የሚሰየመው ነገር ይቆማል። ስለ አንድ ትእዛዝ ለመጠየቅ ከስሙ በፊት የጥያቄ ምልክት ይጻፋል። ለመውጣት ደግሞ «ኪው» የሚለው ፊደል ከባዶ ቅንፍ ጋራ ይጻፋል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው በእጁ ያለውን ሁሉ ያስቀምጥ እንደ ሆነ ይጠይቃል። «አይሆንም» ማለት ይሻላል፤ የትናንት ሥራ ሳይታወቅ ከዛሬው እንዳይቀላቀል ነውና።

መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ጥቂት ናቸው። «ሪድ ሲ ኤስ ቪ» ፋይሉን አንብቦ ሰሌዳ ያደርገዋል። «ሄድ» የመጀመሪያዎቹን 6 ረድፎች ያሳያል። «ስትር» እያንዳንዱ ዐምድ ቁጥር ሆኖ ተነብቦ እንደ ሆነ ወይም ቃል ሆኖ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ በምርት ዐምድ ውስጥ የገባ ቃል በዚህ ይያዛል። «ሰመሪ» ትንሹን፣ ትልቁን፣ መካከለኛውንና አማካዩን ቁጥር፣ ደግሞም ስንት ስፍራ ባዶ እንደ ሆነ ይዘረዝራል። በሄክታር 25 ኩንታል በሚጠበቅበት ስፍራ ትልቁ 2500 ሆኖ ከተገኘ አንዱ ጸሐፊ በኪሎ እንደ ጻፈ ይታወቃል። «ቴብል» እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ይቆጥራል፤ ሀብሩና ሐብሩ ተለያይተው ቢገኙ በዚህ ይገለጣሉ።

አስተዋይ ሠራተኛ አማካይ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን አምስቱን ሁልጊዜ ያደርጋል። በዚህ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ኋላ የብዙ ቀን ክርክር ያስቀራል።

ክፍል 5፤ ባዶና ዜሮ አንድ እንዳልሆኑ በምሳሌ

የሚከተለው ምሳሌ ለትምህርት ብቻ የተሰናዳ እንጂ በእርሻ የተለካ አይደለም። ሀ፣ ለና ሐ የተባሉ ሦስት የማሽላ ዘሮች እያንዳንዳቸው በአራት ድግግሞሽ ተዘሩ እንበል። እያንዳንዱ መደብ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ የተገኘውም እህል በኪሎ እንደሚከተለው ነው።

ዘር ሀ፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6
ዘር ለ፦ 5፣ 7፣ 6፣ 6
ዘር ሐ፦ 6፣ 7፣ 8፣ አራተኛው መደብ ከመታጨዱ በፊት ከብት ገብቶ በላው

መደቡ 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ በኪሎ የተገኘውን በ5 ቢያባዙት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሆን ይታወቃል። የዘር ሀ ድምር 20፣ አማካዩ 5 ኪሎ ነው፤ ይኸውም በሄክታር 25 ኩንታል ነው። የዘር ለ ድምር 24፣ አማካዩ 6፣ በሄክታርም 30 ኩንታል ነው። የዘር ሐ ድምር 21 ነው።

አሁን ጸሐፊው ከብት በበላው መደብ ላይ 0 ቢጽፍ 21 ለ4 ይካፈልና አማካዩ 5.25 ኪሎ፣ በሄክታርም 26.25 ኩንታል ይሆናል። ሹሙም ዘር ለን መርጦ ዘር ሐን ይጥለዋል። መደቡን ያልተለካ ብሎ ባዶ ቢተወው ግን 21 ለ3 ተካፍሎ 7 ኪሎ፣ በሄክታርም 35 ኩንታል ይሆናል፤ የተጣለውም ዘር ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ረድፍ የተጻፈ አንድ አኀዝ የሦስቱን ዘሮች ተራ ገለበጠ ማለት ነው።

በአር «ቲ አፕላይ» የሚባለው ትእዛዝ የኪሎውን ዐምድ በዘር ከፋፍሎ «ሚን» በሚለው ትእዛዝ የየዘሩን አማካይ ያወጣል። ባዶ ስፍራ ካገኘ ግን ለዚያ ዘር ቁጥር አይሰጥም፤ «ኤን ኤ» ብሎ ይመልሳል። ጀማሪ ሰው ይህን የመሣሪያው ብልሽት አድርጎ ያስበዋል። ይሁን እንጂ መኪናው «ያልተነገረኝ ነገር አለ፤ ምን ላድርግ?» ማለቱ ነው። ሠራተኛው ነገሩን መርምሮ ባዶውን እንዲያልፈው «ኤን ኤ አርኤም» የሚለውን ቃል ጨምሮ ሲያዝዘው ያን ጊዜ 7 ብሎ ይመልሳል። ባዶውን ማለፍ የሰው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም በትእዛዙ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል።

ሆኖም ዜሮ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። መደቡን ድርቅ አጥፍቶት ምንም ሳያፈራ ቢቀር 0 እውነተኛ ቁጥር ነው፤ ባዶ ብሎ መተውም የዘሩን ድካም መሸሸግ ይሆናል። እንደዚሁም በአቀንጭራ ቆጠራ ዐምድ 0 ማለት «ተፈልጎ አልተገኘም» ማለት ሲሆን ይህ ለመርማሪው ታላቅ የምሥራች ነው፤ ባዶ ማለት ግን «ማንም ሄዶ አልቆጠረም» ማለት ነው። ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችል በእርሻው የቆመ ሰው ብቻ ስለሆነ በሰሌዳው መጨረሻ የማስታወሻ ዐምድ ይኑር፤ «ከብት በላው»፣ «ወፍ ጎዳው»፣ «ጎርፍ ወሰደው» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በዘሮቹ መካከል የታየው ልዩነት ከዘሩ ነው ወይስ ከመሬቱ የሚል ነው። አንዱ ድግግሞሽ ለም መሬት ላይ፣ ሌላው ጠፍ መሬት ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል በየድግግሞሹ የዘሮቹ ስፍራ ከመዘራቱ በፊት በዕጣ ይወሰናል፤ አርም «ሳምፕል» በሚባለው ትእዛዝ ዕጣ ያወጣል። ከአጨዳ በኋላ «ኤል ኤም» እና «አኖቫ» የተባሉት ትእዛዞች በዘሮች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ዘር መደቦች መካከል ካለው መዋዠቅ ጋራ ያመዛዝናሉ፤ የፊሸር ዘዴ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ድግግሞሽ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ የተጻፈው ስም እንጂ ልክ አለመሆኑን «ፋክተር» በሚባለው ትእዛዝ መንገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መኪናው አራተኛው ድግግሞሽ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ነው ብሎ ያሰላል። የቀበሌ መለያ ቁጥርም እንዲሁ ነው።

ክፍል 6፤ ትእዛዞችን ጽፎ ስለ ማኖር

እስከ አሁን የተነገረው ትእዛዝን አንድ በአንድ እየጻፉ መልሱን ስለ መቀበል ነው። ይህ ለመማር ይበቃል፤ ለመንግሥት ሥራ ግን አይበቃም፤ ሠራተኛው ወደ ሌላ ስፍራ በተዛወረ ጊዜ ቁጥሩ እንዴት እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው አይገኝምና።

ስለዚህ ትእዛዞቹ ሁሉ በተራቸው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይጻፉ፤ በፋይሉም ስም መጨረሻ ነጥብና የአር ፊደል ይደረግ። በዚህ ፋይል ውስጥ «#» ከሚለው ምልክት በኋላ የተጻፈውን መኪናው አያነበውም፤ ስለዚህ በአማርኛ «የሐን አራተኛ መደብ ያለፍነው ከብት ስለ በላው ነው» ብሎ ምክንያት መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስመር ላይ «አር ስክሪፕት» ብሎ የፋይሉን ስም ማስከተል ነው፤ መኪናው ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈጽሞ መልሱን ያወጣል። በዊንዶውስ ይህ እንዲሠራ አር የተጫነበት ስፍራ አስቀድሞ ለሲስተሙ መገለጽ አለበት። መልሱን በሰሌዳ መስኮት ከማየት ይልቅ በፋይል ለማስቀመጥ ከትእዛዙ በኋላ «>» ብሎ የመልሱን ፋይል ስም መጻፍ ይበቃል።

የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከአንድ ቀበሌ የዘገየ ቁጥር በመጣ ጊዜ አንድ ረድፍ ጨምሮ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ብቻ ነው፤ የወረዳው ሒሳብ ሁሉ በአዲስ ይወጣል። የዞኑ ሹም ቁጥሩን ቢጠራጠርም ሰሌዳውንና የትእዛዙን ፋይል ተቀብሎ ራሱ ሊያወጣው ይችላል፤ ክርክሩም በሰው ላይ መሆኑ ቀርቶ በተጻፈው ላይ ይሆናል።

ፋይሎቹ እጅግ ትንንሾች ስለሆኑ ቅጂ ማስቀመጥ አያስቸግርም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ በዚያ አገር ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የሲሪንቃው የምርምር ማዕከልም ከጉዳቱ አላመለጠም። የተወሰደ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ የፈረሰ ቤትም ይሠራል። ያለፈ ክረምት ግን ተመልሶ ስለማይዘንብ በዚያ ክረምት የተለካ ቁጥር ከጠፋ የሚተካው የለም። ስለዚህ አንድ ቅጂ በወረዳ፣ አንድ ቅጂ በዞን፣ አንድ ቅጂም ራቅ ባለ ስፍራ ይቀመጥ።

ክፍል 7፤ ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ወደ ሥራ እንዲገባ የሚከተለው ይደረግ።

1. በየጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሠራተኞች አብረው ይማሩ፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢዛወር ሥራው እንዳይቆም ነው።

2. ትምህርቱ በትንሽ ሰሌዳ ይጀመር። የአንድ ወረዳ የአንድ ሰብል የሁለት ዓመት ቁጥር ይበቃል። በእጅ የተደመረውና አር ያወጣው እኩል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠሩ።

3. የቀበሌዎች የጸደቀ ስምና መለያ ቁጥር ዝርዝር ለየልማት ሠራተኛው ይታደል።

4. የሚቀርብ ድምር ሁሉ ከስንት ቀበሌ እንደ መጣና ስንት ቀበሌ እንዳልመጣ ከጎኑ ይጻፍበት። ይህ ያልተጻፈበትን ድምር ሹሙ አይቀበል።

5. ባዶ የተወ ጸሐፊ አይወቀስ፤ ሳይለካ የሞላ ግን ይጠየቅ። ባዶ መተው የሚያስቀጣ ከሆነ ጸሐፊ ሁሉ በግምት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የተለካውን ከተገመተው የሚለይ መሣሪያ አይገኝም።

6. ባለ መሬትም ቢሆን በራሱ ማሳ የዘራበትን ቀን፣ የዘሩን ዐይነትና የሰበሰበውን ልክ በደብተር ይጻፍ። ኮምፒዩተር ባይኖረውም በዚህ ሥርዐት የተያዘ ደብተር ማናቸውም ባለሙያ ወደ ሰሌዳ ሊለውጠው ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ አራተኛው በተለይ ይጠበቅ። በሲሪንቃ የሙከራ መሬት ባዶው ዜሮ ቢባል አንድ መልካም ዘር ይጣላል። በወረዳ መዝገብ ግን ወሬው ያልመጣ ቀበሌ «ችግር የለበትም» ተብሎ ቢቆጠር የሚጣለው ሕዝብ ነው። ብዙ ጊዜ ወሬው የሚዘገየው መንገዱ ስለ ተቆረጠ፣ ሠራተኛው ስለ ሸሸ ወይም ስለ ታመመ ነው፤ ይህም ራሱ የችግር ምልክት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሹም የመጡትን ቁጥሮች ከማየቱ በፊት ያልመጡትን ቀበሌዎች ስም ይጠይቃል፤ ወደዚያም ሰው ይልካል።

አር የሚባለው ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሚረዳ መልካም አገልጋይ ነው። ሲያዝዙት ይደምራል፤ ሲያስደግሙት ያለ ድካም ይደግማል፤ ያልተነገረውንም እንደ ተነገረው አድርጎ አይቆጥርም። ነገር ግን ሚዛኑን የሚይዝ፣ አቀንጭራውን የሚቆጥርና እውነቱን የሚጽፍ በእርሻው ላይ የቆመው ሰው ነው። መዝገቡ በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ ገበሬው የሚበጀውን ዘር ያገኛል፤ መንግሥትም እርዳታውን ወደሚያስፈልግበት ስፍራ በጊዜው ለማድረስ ይችላል።